የማይሠራውን ለይቶ የሚያውቅ መልስ

ለፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅነት ወይም አስተባባሪነት የሚወዳደር ሰው አንድ ጥያቄ አይቀርለትም፦ «የአንድን ፕሮጀክት የሥራ ወሰን እንዴት ይወስናሉ?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ተወዳዳሪ የሚሰናከለውም ቀላል ስለሚመስለው ነው። አንዱ በሥልጠና የያዛቸውን ቃላት በተርታ ይደረድራል፦ ባለድርሻ አካላት፣ የፍላጎት ዳሰሳ፣ የወሰን መግለጫ፣ የሥራ ክፍፍል፣ ማጽደቅ። ሌላው ስለ ቅንጅትና ስለ ቡድን መንፈስ ያወራል። ሁለቱም ስህተት አልተናገሩም። ነገር ግን ከወንበራቸው ሲነሱ ጠያቂው በወረቀቱ ላይ የሚያሰፍረው ነገር ያጣል።

በቅጥር ኮሚቴ ተቀምጬ ከሰማኋቸው መልሶች መካከል አንዱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። መልሱን የሰጠችው በገጠር መጠጥ ውሃ ሥራ ላይ የቆየች መሐንዲስ ናት። ንግግሯ አጭር ነበር፤ ድምፅዋም ከፍ አላለም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግን ቦታውን ይዞ የተቀመጠ ነበርና እዚህ ክፍል በክፍል እያነሳሁ ማሳየት እፈልጋለሁ።

«ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ ከሠራኋቸው በአንዱ ብቻ ልመልስላችሁ» ብላ ጀመረች። በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር የመልሷን ወሰን ከለለች። ስለ ወሰን የተጠየቀ ሰው መልሱን ራሱ ወሰን አልባ ካደረገው የሚናገረውን እንደማያደርግ አስመስክሯል ማለት ነው። እሷ ሥራዋን ከማብራራቷ በፊት ሠርታ አሳየችን።

ቀጥላ፣ «በእጄ የገባው ደብዳቤ ‹የቀበሌውን የውሃ ችግር መፍታት› ይላል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ሥራ ይጀመራል እንጂ አያልቅም» አለች። ከዚያም ያንን ደብዳቤ ወደ ምን እንደለወጠችው ተናገረች፦ «አንድ ጥልቅ ጉድጓድ፣ አንድ ፓምፕ ከነኃይል ምንጩ፣ አንድ ማጠራቀሚያ፣ ስድስት ቦኖ፣ የሠለጠነ የውሃ ኮሚቴ። ሥራው አለቀ የሚባለው የሕዝቡ ዕድገት ታስቦ 3,000 ሰው እያንዳንዱ በቀን 25 ሊትር ከቤቱ ከ1 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ማግኘት ሲችል ነው።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጠጋ ብለን እንየው። 25 ሊትርና 1 ኪሎ ሜትር ከራሷ የፈለቁ ቁጥሮች አይደሉም፤ ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ያስቀመጠው መለኪያ ነው። በመጀመሪያው ዕቅድ መለኪያው 15 ሊትር በ1.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነበር። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ለ3,000 ሰው ሲሰላ ግን በአንደኛው መለኪያ በቀን 45,000 ሊትር፣ በሁለተኛው 75,000 ሊትር ይሆናል። ርቀቱ ሲያጥር ደግሞ የቦኖው ቁጥርና የመስመሩ ርዝመት ይጨምራል። ስለዚህ «የውሃ ችግር መፍታት» የሚለው ያው አንድ ሐረግ እንደ መለኪያው ሁለት የተለያዩ ፕሮጀክቶች ይወጡታል። መለኪያውን ያልጠራ ተወዳዳሪ ከሁለቱ የትኛውን እንደሠራ አይታወቅም።

እሷ በዚህ አላበቃችም። «75,000 ሊትር በቀን 8 ሰዓት በመሳብ እንዲገኝ፣ በመስመር ላይ የሚባክነው ሳይጨመር፣ ጉድጓዱ በሰከንድ ቢያንስ 2.6 ሊትር መስጠት አለበት። ከዚያ በታች ከሰጠ የተፈራረምንበት ወሰን አይሠራም። ፍሎራይዱ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም ከበለጠም እንዲሁ። ስለዚህ የቧንቧ ግዢ ውል ከመሳብ ሙከራውና ከላቦራቶሪ ውጤቱ በኋላ እንዲሆን በሰነዱ ላይ አስገባሁ» አለች። 1.5 ሚሊ ግራም የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያ ያስቀመጠው ልክ ነው። በስምጥ ሸለቆ ውሃ ያወጣ ሰው ሁሉ የፍሎራይድን ነገር ያውቃል፤ የልጆችን ጥርስ የሚያበላሸውና ሲበዛ አጥንት የሚጎዳው እሱ ነው። ብዙ ተወዳዳሪ «ታሳቢዎችን እለያለሁ» ብሎ ያልፋል። እሷ ታሳቢውን በቁጥር አስቀመጠች፣ ቁጥሩ ሳይሟላ ሲቀር የሚሆነውን ተናገረች፣ ገንዘቡም ከዚያ በፊት እንዳይወጣ በሩን ዘጋች። የመልሱ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ መሬት ውስጥ ያለውን ማንም ሳይቆፍር አያውቀውምና፣ ያላወቀችውን ነገር የሥራው አካል አድርጋ አቀደችው።

ከዚያ ወደማይሠራው ገባች። «ወደ ግለሰብ ቤት መስመር አናስገባም። ለመስኖ የሚሆን ውሃ በስሌቱ የለም። ለከብትም የለም። የትምህርት ቤቱን መጸዳጃ ቤት እኛ አንሠራም፤ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሠራዋል፤ ደብዳቤውም ከሰነዱ ጋር ተያይዟል።»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይባላል። ከወሰን ውጪ የሚሆነውን መዘርዘር ለማንም አይከብድም፤ የማይሠራ ነገር መቼም ማለቂያ የለውም። ችሎታው ያለው ምርጫው ላይ ነው። እሷ የመረጠቻቸው አራቱም ነገሮች ሥራው ሲጀመር ሰው መጥቶ የሚጠይቃቸው ናቸው። ቧንቧ በደጁ ሲያልፍ ያየ ወደ ግቢው እንዲገባለት ይፈልጋል፤ ከብት ያለው ገንዳ ይጠይቃል። ነገ ክርክር የሚነሳበትን ቦታ ዛሬ አይታ ምልክት ተከለችበት። ለመጸዳጃ ቤቱ ደግሞ ባለቤት ፈልጋለት፣ ደብዳቤ ተቀብላ ነው ከወሰኗ ያወጣችው። «የእኛ ሥራ አይደለም» ማለትና «የእገሌ ሥራ ነው፣ እሱም ተቀብሏል» ማለት በመስክ ላይ በጣም ይራራቃሉ።

ቦኖዎቹ የሚተከሉበትን ቦታ ማን እንደወሰነው ስንጠይቃት በመጀመሪያው የቀበሌ ስብሰባ የተናገሩት ወንዶች ብቻ እንደነበሩ፣ እሷ ግን በማግስቱ ማለዳ ሴቶቹ ወደሚቀዱበት ምንጭ ወርዳ እንዳነጋገረቻቸው ነገረችን። በስብሰባው ከተመረጡት ቦታዎች ሁለቱ ተቀየሩ። ሁለተኛውን ምክክርም ቃለ ጉባኤ አስይዛ በቀበሌው፣ በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤትና የፕሮጀክቱን ገንዘብ በሰጠው ለጋሽ አስፈርማበታለች። ባለድርሻ አካላትን ማማከር የሚባለው ነገር ሲሠራ ይህን ይመስላል፤ የሚጠቀምበትን ሰው በሚገኝበት ቦታና ሰዓት ሄዶ ማግኘት።

ሥራውን ስለመከፋፈል የተናገረችው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሥራውን በአምስት ከፍዬ፣ ድምሩ ከተፈራረምንበት እንዳይበልጥም እንዳያንስም አመሳከርኩ።» ይህ የሥራ ክፍፍል አሠራር እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴርና ናሳ በጋራ ባወጡት መመሪያ ከተደነገገ ወዲህ በፕሮጀክት ሥራ ዋና መሣሪያ ሆኖ የቆየ ነው። የፒኤምፒ (የፕሮጀክት ሥራ አመራር ባለሙያነት) ምስክር ወረቀት ያለው ሁሉ በስም ያውቀዋል። እሷ ስሙን አልጠራችም፤ አገልግሎቱን ተናግራ አለፈች።

እዚህ ላይ ቆም ብላ፣ «ስለ በጀቱ ልቀጥል ወይስ ወሰኑ ሲቀየር ስላደረግሁት ትፈልጋላችሁ?» አለችን። ምርጫውን ለእኛ ሰጠችን። ቃለ መጠይቅ ላይ ማቆም የሚችል ሰው ብርቅ ነው፤ ዝምታው ያስፈራዋልና ተወዳዳሪው መልሱ ካለቀ በኋላ ይቀጥላል፣ በቀጠለ ቁጥር የተናገረውን ያደበዝዛል።

ስለ ለውጡ ጠየቅናት። ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ «የእኔ ፕሮጀክት ወሰኑ ተቀይሮ አያውቅም» ብሎ በኩራት ይመልሳል። የሀገራችን ትልቁ ፕሮጀክት እንኳ ተቀይሯል፤ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል የታቀደው ኃይል 5,250 ሜጋ ዋት ነበር፤ በመካከል 6,000፣ ከዚያም 6,450 ተባለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት ሆኖ ነው። ለውጥ ነውር አይደለም። ለውጡን ማን ጠየቀ፣ ምን ያስከፍላል፣ ማን ፈረመበት የሚለው ነው ሥራ አስኪያጅን የሚለካው።

የእሷ መልስ ይህ ነበር፦ «መስመሩ ሲዘረጋ ሽማግሌዎች መጥተው የከብት ገንዳ ጠየቁኝ። እሺም እምቢም አላልኩም። በቀበሌው 400 ከብት አለ፤ አንድ ከብት በቀን ወደ 25 ሊትር ይጠጣል። ‹አባቶቼ፣ 400 ከብት ስንጨምር 400 ሰው እንደጨመርን ነው፤ ጉድጓዱ ይችል እንደሆነ ልይ› አልኳቸው። ጉድጓዱ ይችላል። ወጪውንና የሚወስደውን ቀን አስልቼ ለፈረሙት ሁሉ አቀረብኩ፤ ወረዳው ወጪውን ቻለ፣ ለጋሹ ተስማማ፣ በተጨማሪ ውል ተሠራ።»

በዚህ መልስ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተከብረዋል፣ ስሌቱ በሚገባቸው ቋንቋ ቀርቧል፣ የለጋሹ ገንዘብ ያለ ፈቃዱ አልተነካም። ገንዳውን ቀድሞ ከወሰን ውጪ ብላ ባትጽፈው ኖሮ ጥያቄው ሲመጣ ተጨማሪ መሆኑን የምታስረዳበት ሰነድ አይኖራትም ነበር። የመጀመሪያው ዝርዝር ዋጋ የታየው በዚህ ጊዜ ነው።

ለቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ ሁሉ፣ ከመግባታችሁ በፊት ከሠራችሁት አንዱን ምረጡና በግማሽ ገጽ ጻፉት፤ ምን ተሠራ፣ ምን አልተሠራም፣ ያልተሠራውን ማን ያዘው፣ ማለቁ በምን ተለካ፣ ታሳቢው ቢከሽፍ ምን ታስቦ ነበር። አዲስ ተመራቂ ከሆናችሁ የመመረቂያ ሥራችሁ ወይም በሰፈር ኮሚቴ የሠራችሁት ይበቃል። የፕሮጀክቱ ትልቅነት ነጥብ አያሰጥም፤ የመልሱ ጥራት ግን ያሰጣል። ለምንጠይቀውም ወገኖች አንድ አሳብ አለኝ። «ወሰን እንዴት ይወስናሉ?» ብለን ከማለፍ ይልቅ «በዚያ ሥራ ያልሠራችሁት ምንድን ነው? ማንስ ሠራው?» ብለን እንጠይቅ። ሥራውን በእጁ የሠራ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም።