የጎሬ አሮጌ ቤቶች

ከመቱ ወደ ጎሬ የሚያወጣውን ዳገት በጨረስኩ ቁጥር ልቤ የሚሮጠው ወደ አሮጌዎቹ የነጋዴ ቤቶች ነው። ቆርቆሮው ዝጓል፤ ምርጊቱ ተልጦ ማገሩ ይታያል። የበሩ እንጨት መድረክ መሃሉ ላይ በእግር ብዛት ጎድጉዷል። ራስ ተሰማ ናደው ኢሉባቦርን የገዙት ከዚህች ከተማ ሆነው ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደላቸው ወዲህ፣ የጎሬ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ቁልቁል ወርዶ፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር።

 በእነዚህ አሮጌ ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል፤ ይህን እወደዋለሁ። ባለፈው ኅዳር አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ቀይ ቡና ሰሌን ላይ አስጥተው አገኘኋቸው። «ግባ የኔ ልጅ፣ አቦሉ ደርሷል» አሉኝ።