ጸጋና ጽናት በጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት»

«ጸጋ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ሀብትን፣ ሲሳይንና የተፈጥሮን በረከት ያመለክታል። ሁለተኛው «ጸገወ» ከሚለው የግእዝ ግስ የሚመዘዝ ሲሆን፣ ያለ ዋጋና ያለ ብድራት የተሰጠ ስጦታ ማለት ነው። በክርስትና ትምህርት ዋነኛው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ሰው በሥራው ብልጫ ያላገኘው፣ ከፍሎም የማይጨርሰው የአምላክ ቸርነት። ቃሉ በሸዋ ምድር የብርቱ ሙግት ምክንያት ሆኖ ያውቃል። የደብረ ሊባኖስ ሊቃውንት «የጸጋ ልጅ» የሚለውን ትምህርት ሲያራምዱ ኖረው፣ ክርክሩ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት ተዘጋ። በዕለት ኑሮ ግን ቃሉ ዛሬም ወደ መጀመሪያው ፊቱ ያዘነብላል። የሞላለት ሰው ጸጋ የበዛለት ይባላል፤ የጎደለበት ደግሞ ጸጋ የራቀው ይመስላል። ጸጋን ከምቾት ጋር አንድ ከሚያደርገው ከዚህ ልማድ ጋር አጥብቀው ከሚሟገቱ የአማርኛ ሥራዎች አንዱ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ነው።

የደራሲው አገር ራሱ ለዚህ ጥያቄ ባዕድ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው ጎዳና የተስፋ ስሞችን ተሸክሟል። ሆለታ «ገነት» ተብላለች። ቀጥላ የምትገኘው አዲስ ዓለም ምኒልክ መናገሻውን ሊያዛውርባት ያሰባት ስፍራ ስትሆን፣ ለቤተ መንግሥት የታቀደው ሕንፃ በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። አምቦ ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር። ከምድሯ የሚፈልቀው ማዕድናዊ ውኃ የማንም ላብ ያላፈለቀው ስጦታ ነው፤ ያው ውኃ ግን በጠርሙስ ታሽጎ በዋጋ ይሸጣል። ስጦታና ዋጋ፣ ቸርነትና ሒሳብ በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ጸጋዬ በአምቦ አቅራቢያ በምትገኘው ቦዳ የተወለደው ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያ 19 ቀናት አስቀድሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በፋሽስት ጥይት ተገድለዋል። የሰማዕቱ ደም በፈሰሰበት ክረምት የተወለደው ሕፃን «ጸጋዬ» ተባለ፤ ሲያድግም የእኒያን ጳጳስ የመጨረሻ ሰዓት በግጥምም በትያትርም ጻፈ። በልጅነቱ የግእዝ ቅኔ በመማሩ ቃልን በሰምና በወርቅ መመዘን ያውቅ ነበር። ገና የአምቦ ተማሪ ሳለ የደረሰው የመጀመሪያ ትያትሩ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ነበር። በዚሁ ንጉሥ ስም ከጥንት ጀምሮ የሚተረክ ታሪክ አለ፤ ሞት ለተፈረደበት ወዳጁ ሲል ነፍሱን መያዣ አድርጎ የሚሰጥ ሰው ታሪክ። ስለ ሌላው ራስን አሳልፎ መስጠት የሚለው አሳብ ወደ ኋላ «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ውስጥ ሙሉ ክብደቱን ይዞ ይገኛል።

በ1966 ዓ.ም. በታተመው «እሳት ወይ አበባ» የግጥም መድበል ውስጥ የሚገኘው ይህ ሥራ፣ ጳጳሱን ከሐውልት አውርዶ ወደ ሰውነት ይመልሳቸዋል። ጴጥሮስ ለእመ ብርሃን የሚያቀርቡት ጸሎት በምስጋና ሳይሆን በወቀሳ ይጀምራል። የሠላሌ ልጅነታቸውን ያስባሉ፤ ብቻቸውን መቅረታቸውንና መፍራታቸውን አይደብቁም። የግጥሙ ታላቅ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ጀግንነት የተፈጥሮ ሀብታቸው ቢሆን ኖሮ ጸጋ አያስፈልጋቸውም ነበር። የሚለምኑት ከጥይቱ መዳንን አይደለም፤ ለወራሪው ቢያድሩ ሕይወታቸው ሊተርፍ ይችል ነበርና። የሚለምኑት ጽናት ነው፤ ከገዛ ራሳቸው ሊያወጡት የማይችሉትን፣ ካልተሰጣቸው የማያገኙትን ጽናት። በዚህ ግጥም ጸጋ መከራን የሚያስቀር ጋሻ ከመሆን ይልቅ፣ የፈራ ሰው እየፈራም የሚቆምበት ኃይል ሆኖ ይታያል።

በዚያው ዘመን በሌላ አገር ተመሳሳይ አሳብ ተጽፏል። ጀርመናዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ዲትሪኽ ቦንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ ርካሹን ጸጋ ከውዱ ጸጋ ለየ። ርካሹ ሰውን ሳይለውጥ ይቅር የሚል ነው፤ ውዱ በነጻ ቢሰጥም የተቀበለውን ሰው ሕይወት ይጠይቃል። ቦንሆፈር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1945 በናዚዎች ተሰቅሎ ሞተ። ሁለቱ ጸሐፊዎች ተገናኝተው የተማከሩ አይደሉም፤ ያገናኛቸው ፋሽዝም በየአገሩ ለሕሊና ያቀረበው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው።

ሥራው ግን ያለ ጉድለት አይደለም። ጸጋ ላልተገባው የሚሰጥ ከሆነ፣ በመጨረሻው ሚዛን የሚፈተነው በጠላት ነው። የግጥሙ ዓይን በእናት አገር ላይ ተተክሎ ሲቀር፣ ቃታውን የሚስበው ወታደር ፊት የሌለው ጥላ ይሆናል። እርሱስ ከቸርነቱ ዕጣ አለውን? የሚለውን ከባድ ጥያቄ ገጣሚው አይነካውም። «ጴጥሮስ» የሚለው ስም ግን ራሱ ይህን በር ይከፍት ነበር። ሐዋርያው ጴጥሮስ ጌታውን በፍርሃት ሦስት ጊዜ የካደ፣ ኋላም ምሕረት ያገኘ ሰው ነው። ከሐዋርያው ፍርሃት እስከ ሰማዕቱ ፍርሃት የሚዘረጋው መስመር በግልጽ ቢወጣ ኖሮ፣ ጸጋው ከጸኑት አልፎ ለወደቁትም መድረሱ ይታይ ነበር። በወረራው ዘመን የጸኑ እንደ ነበሩ ሁሉ የወደቁም ነበሩ፤ ከነጻነት በኋላም ሁለቱ ወገኖች በአንድ መንደር መኖር ነበረባቸው።

ግጥሙ ያልዘለቀበትን ይህን ጥያቄ ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ሲታገለው ኖሯል። በምዕራብ ሸዋ እንደ ሌላውም የኦሮሞ አገር፣ ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌዎች በጉማ ሥርዓት ሁለቱን ወገኖች ያስታርቃሉ፤ የገዳይ ዘመዶችም ካሣ ይከፍላሉ። ካሣው ፍትሕ ነው፤ ልክና ቁጥር አለው። ሆኖም የትኛውም ካሣ የሞተውን አይመልስም። በተቆጠረው ከብትና በጠፋው ነፍስ መካከል የሚቀረውን ክፍተት የሚሞላው፣ ሐዘንተኛው ከሒሳቡ በላይ የሚለግሰው ይቅርታ ብቻ ነው። ጉማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም፤ ነገር ግን ፍትሕ የሚደርስበትን ዳርቻና ቸርነት የሚጀምርበትን ቦታ አጉልቶ ያሳያል። በደልን ሸፋፍኖ የሚታለፍ እርቅ ርካሽ ነው፤ ከሒሳብ ፈቀቅ የማይል ፍትሕም ቂምን ከነሥሩ አይነቅልም።

እንግዲህ «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» በመድረክም በክፍልም ሲቀርብ የጀግንነት መዝሙር ብቻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ተዋናዩ የጳጳሱን ፍርሃት ዘሎ ወደ ድፍረታቸው ቢሮጥ የሥራውን ልብ ያጣዋል፤ የሚለመነው ጽናት የሚታመነው ተመልካቹ አስቀድሞ ጉልበታቸው ሲዝል ካየ ብቻ ነው። መምህሩም ተማሪዎቹን «ጴጥሮስ ለምን አልፈሩም?» ብሎ ከሚጠይቅ፣ «እየፈሩ እንዴት ቆሙ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቀጥሎም የወደቁት ምን ይደረግላቸው ብሎ ቢያወያይ፣ ወጣቱ ግጥሙን ከታሪክ ቅርስነት አልፎ ለራሱ ሕይወት ይመዝነዋል።