ባሚያ ውስጥ የተደበቀው አበባ

ባሚያ አግድም ቆርጣችሁ የተቆረጠውን ፊት ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ አሁኑኑ ወጥ ቤት ግቡና ሞክሩት! አምስት ጠርዝ ያለው፣ መሐሉ በፍሬ የተሞላ፣ ሠዓሊ ያልነካው ሙሉ አበባ ይጠብቃችኋል። ያንን ፊት ቀለም አስነክታችሁ ወረቀት ላይ ጫን አድርጉት፤ አበባው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ደግሞ ጫን፣ ሌላ አበባ! ደግሞ ጫን፣ ሌላ! ገና ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ በገዛ እጁ አንድ መስክ አበባ ያወጣል። ለትንንሽ ልጆች ከዚህ የተሻለ የአበባ ወቅት የእጅ ሥራ አላየሁም፤ ይኖራል ብዬም አላምንም።

ያገኘሁት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማቆያ ነው። ጳጉሜ ነበር፤ ሞግዚቶቹ ልጆቹ ለወላጆቻቸው የሚሰጡትን የእንቁጣጣሽ ሥዕል ያሠሯቸዋል። ወለሉ ላይ ሰፊ ወረቀት ተነጥፏል፤ በሰሐን ላይ እርድ ተበጥብጧል፤ ልጆቹ ባሚያቸውን ጨብጠው ወረቀቱ ላይ ይጫናሉ፣ ያነሣሉ፣ ያያሉ፣ ይጮኻሉ። እንዴት ያለ ጩኸት መሰላችሁ! «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የሠራሁት!» የሚል ጩኸት። ሞግዚቷን «እትዬ፣ ነይ እይ!» እያሉ ቀሚሷን ይጎትታሉ። እሷም ለእያንዳንዱ ጎንበስ ብላ ታያለች።

ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንዳስደነቀኝ ልንገራችሁ። እንቁጣጣሽ ከጥንትም የልጆች የእጅ ሥራ በዓል ነው። ሴቶቹ ልጆች እንግጫ ነቅለው፣ አደይ ቀጥፈው፣ አበባየሆሽ እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ ወንዶቹ አበባ፣ ፀሐይና መልአክ ሥለው ለጎረቤት ያዞራሉ፣ ሳንቲምም ይቀበላሉ። እንዲህ ያለ ወግ ያለን ሰዎች ግን ማቆያና አፀደ ሕፃናት ውስጥ ብዙ ጊዜ ለልጁ የምንሰጠው ምንድን ነው? በፎቶ ኮፒ የተባዛ የአበባ ሥዕል! «ከመስመሩ ሳትወጣ ቀለም ቀባ» እንለዋለን። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ እርሳስ የሚይዘው ገና በሙሉ መዳፉ ጨብጦ ነው፤ በሦስት ጣት አስተካክሎ መያዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ወደ አራት ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ከመስመር ይወጣል፤ ይታረማል፤ መጨረሻ ላይ ሞግዚቷ ትጨርስለታለች። እናት ቤት ወስዳ ግድግዳ ላይ የምትለጥፈው የሞግዚቷን ሥራ ነው።

ባሚያው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈታል! ልጁ የሚያውቀውን አያያዝ፣ ጭብጡን፣ ይፈልጋል፤ መስመር የለውም፤ ስሕተት የሚባል ነገር የለውም፤ ገና በመጀመሪያው ሙከራ አበባ ይወጣል። የሁለት ልጆች ወረቀት ደግሞ ፈጽሞ አይመሳሰልም። አንዱ አበባውን ሁሉ አንድ ጥግ ያጭቀዋል፤ ሌላዋ ጠርዙን ይዛ በሰልፍ ታስኬደዋለች። የማን እንደሆነ ስም ሳይጻፍበት ይታወቃል።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ከመቀመጫዬ ብድግ ያልኩት። እርድ የአደይን ቢጫ ይሰጣል። ወረቀቱ ደርቆ ሳለ ደረቅ የልብስ ሳሙና የተሟሟበት ውሃ በጥጥ ነክራችሁ አበባው መሐል ጠብ አድርጉ። ቢጫው ዓይናችሁ እያየ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል! ምትሐት አይደለም፤ እርድ ውስጥ ያለው ቢጫ ቀለም እንደ ሳሙና ውሃ ያለ አልካሊ ሲነካው መልኩን ይቀይራል። ወጥ ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ የነበረ ኬሚስትሪ ነው፤ ለሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ የመጀመሪያው የሳይንስ ትምህርት! ቀዩን ጥቅል ጎመን ቀቅላችሁ ውሃውን ብታጠሉት ወይን ጠጅ ቀለም ታገኛላችሁ፤ ሎሚ ሲጨመርበት ወደ ሮዝ፣ ቤኪንግ ሶዳ ሲጨመርበት ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ቀይ ሥር የሚያምር ደማቅ ቀይ ይሰጣል፤ ሲቆይ ግን ይደበዝዛል። እርድም ፀሐይ ላይ ከዋለ ይለቃል፤ ስለዚህ ሥዕሉን ከመስኮት አርቁት።

አትክልቱም በባሚያ አያበቃም። ቅጠሉ ለምግብ የተነሣለት የሰላጣ ጉቶ ሲታተም ጽጌረዳ ይወጣዋል፤ እውነተኛ፣ ገጽ በገጽ የተደራረበ ጽጌረዳ! ለሁለት የተከፈለ ሽንኩርት ክብ በክብ ያትማል፤ የልጆቹ ፀሐይ እሱ ነው። የፈረንጅ ቃሪያ አግድም ሲቆረጥ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ቅጠል አበባ ይሆናል። የሚያቃጥለውን ቃሪያ ግን ከልጆች አጠገብ አታድርሱ፤ እጃቸው ወደ ዓይናቸው መሄዱ አይቀርም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባሚያው ንፍጥ ስላለው ቀደም ብላችሁ ቆርጣችሁ በጨርቅ አድርቁት፤ አለዚያ ይንሸራተታል። ቀለሙ ወረቀት ላይ እንዳይሮጥ አንድ እጅ ዱቄት በሦስት እጅ ውሃ እያማሰላችሁ አብስሉና ሲቀዘቅዝ እርዱን ቀላቅሉበት። ቀለሙን በሰሐን ላይ በተዘረጋ እርጥብ ስፖንጅ ላይ አፍስሱ፤ ልጁ መጀመሪያ ስፖንጁን፣ ቀጥሎ ወረቀቱን ይጫናል። እርድ ከልብስ በእጥበት በቀላሉ ስለማይለቅ አሮጌ ሸሚዝ ፊቱን ወደ ኋላ አዙራችሁ አልብሷቸው። ለማስጌጫ ባቄላ ወይም ዶቃ መጨመር ያማራችሁ ደግሞ ይህን አስቡ፦ በሶፍት ካርቶን ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከሦስት ዓመት በታች ያለን ልጅ ሊያንቀው ይችላል።

«በእህል መጫወት ነውር ነው» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ልክ ናቸው። እኔም ምስር ወይም ጤፍ ወረቀት ላይ ሲበተን ማየት አልወድም። የዚህ ሥራ ውበት እኮ ከሚጣለው መነሣቱ ነው። የሰላጣው ጉቶ፣ የጠወለገው ባሚያ፣ የበቀለው ሽንኩርት፣ ሁሉም መንገዳቸው ወደ ቆሻሻ ነበር።

የእጅ ሥራ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የሚመስላቸው ካሉ ይህን ያስቡ፦ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሩብል እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ ላይ የትንንሽ ልጆች ተቋሙን ሲከፍት ወረቀት ማጠፍን፣ መሸመንንና ጭቃ ማበጀትን ከትምህርቱ ጋር አዋህዷቸዋል። ዓለም ዛሬ አፀደ ሕፃናት የሚለው ነገር ከእጅ ሥራ ጋር አብሮ ተወለደ ማለት ነው። እኛ ዘንድም የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛ እናቶች ልጆች ማቆያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ማቆያ ሲኖር ደግሞ ልጁ ቀኑን በምን ያሳልፍ የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል። በጀት የለንም ለሚሉ ማቆያዎች ከባሚያና ከእርድ የረከሰ መልስ ከየት ይገኛል?

በውጭ አገር የምትኖሩም ተጠቀሙበት። አሜሪካና አውሮፓ መስከረም ቅጠል የሚረግፍበት ወር ነው፤ ልጆቻችሁ አደይ በመስክ አያዩም። በእጃቸው ግን ሊያትሟት ይችላሉ። በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁማ ባሚያን ከገበያ ለማግኘት አትቸገሩም።

ለሞግዚቶች፣ ለመምህራን፣ ለወላጆች ሁሉ የምለው አንድ ነው። እንቁጣጣሽ ቢያልፋችሁ እንኳ የአበባው ወቅት ሰፊ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ ብላ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን ሰጥታዋለች። ፎቶ ኮፒውን ተዉት። የጠወለገ ባሚያ ፈልጉ፣ እርድ በጥብጡ፣ ወረቀት አንጥፉና እጃችሁን ሰብስቡ። የቀረውን ልጆቹ ይሠሩታል፤ እናንተ ሲጠሯችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩላቸው።