ረኃብና ኵራት፤ ስለ ክኑት ሐምሱን መጽሐፍ የቀረበ ሐተታ

ከገጠር ወጥቶ በዋና ከተማ በብዕሩ ለመኖር የተነሣ ወጣት ታሪክ በየአገሩ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ነገር ግን አብዛኛው ደራሲ ይህን ታሪክ የሚጽፈው ከጠገበ በኋላ ስለ ሆነ፥ ያለፈውን መከራ እንደ ጌጥ አድርጎ ያቀርብልናል፤ ረኃቡ የጥበብ መምህር፥ ብርዱ የልብ ማጽኛ፥ ዕዳውም ለወዳጅ የሚተረክ ጨዋታ ይሆናል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ያነበበ ልጅ «እኔም ካልተራብሁ ደራሲ አልሆንም» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንገልጸው መጽሐፍ ግን ከዚህ ስሕተት የራቀ ነው። ረኃብን አያስጌጥም፤ ይልቁንም ረኃብና ኵራት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ባደሩ ጊዜ ሰውየውን ምን እንደሚያደርጉት ቀን በቀን ቈጥሮ ያሳያል።

የመጽሐፉ ስም «ረኃብ» ይባላል፤ ደራሲውም ኖርዌያዊው ክኑት ሐምሱን ነው። በዚህ ሐተታ የሚገኘው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን። ከታሪኩ አንድ ክፍል በ1888 ዓ.ም. በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ይወጣ በነበረ መጽሔት ያለ ደራሲው ስም ታተመ፤ መጽሐፉ በሙሉ የወጣው በ1890 ዓ.ም. ነው። ሐምሱን በ1859 ዓ.ም. ከድኻ ቤት የተወለደ፥ አባቱ ልብስ ሰፊ የነበረ፥ በትምህርት ቤት እምብዛም ሳይቀመጥ በልዩ ልዩ የእጅ ሥራ የኖረ፥ ሁለት ጊዜም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በጕልበቱ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው። መጽሐፉን ከማውጣቱ በፊት በኖርዌይ ዋና ከተማ በክርስቲያንያ በችግር የከረመበት ጊዜ ነበርና፥ የሚጽፈውን በወሬ ሳይሆን በሰውነቱ ያውቀዋል። ክርስቲያንያ ማለት ከ1925 ዓ.ም. ጀምሮ ኦስሎ የተባለችው ከተማ ናት፤ መጽሐፉ በወጣበት ጊዜ የሕዝቧ ቍጥር 150,000 ያህል ነበር።

መጽሐፉ በአራት ክፍል የተከፈለ ነው። ታሪኩን የሚናገረው ወጣት ራሱ ነው፤ እውነተኛ ስሙን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይነግረንም። ከጣራ ሥር ባለች ብርዳም ክፍል ይኖራል፤ ኪራዩን መክፈል ሲያቅተው ለቅቆ ይወጣል። ጧት ተነሥቶ ካርል ዮሐን በሚባለው በታላቁ መንገድ፥ በቤተ መንግሥቱ አትክልት ቦታና በመቃብር ስፍራ ይዞራል፤ ባገኘው ወንበር ተቀምጦ ይጽፋል፤ የጻፈውንም ይዞ ወደ ጋዜጣ አዘጋጆች ይሄዳል። እነርሱም አንዳንድ ጊዜ ይቀበሉታል፥ ብዙ ጊዜ ይመልሱበታል። ጽሑፉ ሲወደድለት ዐሥር ክሮነር ተቀብሎ ለጥቂት ቀን እንደ ሰው ይሆናል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ቀደመ ኑሮው ይመለሳል። የጦርነት ወሬ፥ የተሰወረ ውርስ፥ ወይም ድንገት ደርሶ የሚያድን ዘመድ በዚህ መጽሐፍ አይገኝም። ጀብዱው ሁሉ ዳቦ ፍለጋ ነው።

የዚህ ወጣት ጠላት ማን ነው? ብለን ብንጠይቅ፥ አንባቢ ፈጥኖ «ድኽነት ነው» ወይም «ጨካኝ ከተማ ናት» ይል ይሆናል። አስተውሎ የተመለከተ ግን ሌላ መልስ ያገኛል። በመጀመሪያው ክፍል አንድ አንካሳ ሽማግሌ ለወተት መግዣ ይለምነዋል። ወጣቱም በኪሱ ቤሳ የሌለው ሆኖ ሳለ «የለኝም» ማለት ስላሳፈረው፥ ሮጦ ሄዶ ሰደርያውን አውልቆ በመያዣ ለሚያበድር ነጋዴ ይሰጥና ገንዘብ ያመጣለታል። ለማኙ የሰጪው ሱሪ ጕልበቱ ላይ ማለቁን ተመልክቶ ገንዘቡን ሊመልስለት ቢል፥ ወጣቱ በእርሱ ላይ ይቈጣል። ኋላም በሰደርያው ኪስ ቍራጭ እርሳስ እንደ ረሳ ትዝ ሲለው ወደ ነጋዴው ይመለሳል። ነገር ግን እርሳሱን ተቀብሎ ዝም ብሎ አይወጣም፤ ስለ ፍልስፍና በሦስት ክፍል የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ በዚህ እርሳስ እንደ ተጻፈ ይተርክለታል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በዓለም ላይ የለም። ሰደርያውን በመያዣ የያዘበትን ሰው እንኳ ታላቅ ደራሲ መሆኑን ሳያሳምነው ከደጁ መሄድ አልሆነለትም።

የኵራቱ ዋጋ ከሁሉ ይልቅ ገልጦ የሚታየው በሁለተኛው ክፍል ነው። አንድ ሌሊት ማደሪያ አጥቶ፥ ቤት የሌላቸው ሰዎች ወደሚያድሩበት ወደ ከተማው ዘበኞች ቤት ይገባል። ስሙንና ሥራውን ሲጠይቁት ግን ድኻ መሆኑን አይናገርም፤ የሐሰት ስም ፈጥሮ፥ ጋዜጠኛ ነኝ፥ አምሽቼ የቤቴን ቍልፍ ስላጣሁ ነው የመጣሁት ይላል። ዘበኞቹም አምነው ለተከበሩ ሰዎች ወደ ተለየች ክፍል ያስገቡታል። ሲነጋ ለቤት አልባዎቹ ሁሉ የምግብ ቲኬት ይታደላል፤ ለእርሱ ግን የሚሰጠው የለም፥ በቤቱ የተዘጋጀ ማዕድ የሚጠብቀው ሰው መስሏቸዋልና። አንዲት እውነተኛ ቃል ከአፉ ብትወጣ ዳቦ ይበላ ነበር። ማንም አልበደለውም፥ ማንም አልነጠቀውም፤ በሩን በራሱ ላይ የዘጋው የገዛ ምላሱ ነው። በእኛ አስተያየት የመጽሐፉ ሁሉ እምብርት ይህ ታሪክ ነው። ሐምሱን ግን አንዲት የተግሣጽ ቃል ሳይጨምር፥ የሆነውን እንደ ሆነ አስቀምጦልን ያልፋል።

የአገራችን አንባቢ ይህን ሲያነብ የቈሎ ተማሪን ማሰቡ አይቀርም። የቈሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቦ፥ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ በየደጁ በእመቤታችን ስም ይለምናል፤ ያገኘውን ቀምሶ ወደ ቀለሙ ይመለሳል። ረኃቡ ከክርስቲያንያው ወጣት ረኃብ ያነሰ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ልመናው የትምህርቱ ሥርዓት ስለ ሆነ አንገቱን አያስደፋውም፤ የምትሰጠውም ሴት ተማሪ አበላሁ ብላ ደስ ይላታል እንጂ አትንቀውም። «የሰው ፊት እሳት ነው» የሚለው አባባል እውነት ቢሆንም፥ ሥርዓት ያለው ልመና እሳቱን ያበርደዋል። በክርስቲያንያ ግን ለተራበ ጸሐፊ የተሠራ የልመና ሥርዓት አልነበረም። ስለዚህ ወጣቱ የሚመርጠው ከሁለት አንዱን ብቻ ነው፤ ወይ ውሸት፥ ወይ ውርደት። እርሱም ሁልጊዜ ውሸትን ይመርጣል።

ስለ ገንዘብ የሚተርከውም ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ነው። አንድ ቀን ሻማ ሊወስድ ወደ ሱቅ በገባ ጊዜ፥ ሻጩ ተሳስቶ ያልከፈለውን ገንዘብ መልስ ይሰጠዋል፤ እርሱም ዝም ብሎ ይቀበላል። በዚያ ገንዘብ ሥጋ ገዝቶ ቢበላ ሆዱ አልቀበል ብሎ ይመልሰዋል፤ ኅሊናውም አላስቀምጥ ይለዋል፤ በመጨረሻ የቀረውን ሁሉ በመንገድ ዳር ተቀምጣ ኬክ ለምትሸጥ ሴት ሰጥቶ ይሄዳል። በአራተኛው ክፍል ደግሞ አንድ መልእክተኛ ዐሥር ክሮነር ያለበት ፖስታ ያመጣለታል። ወጣቱ ተርቦ፥ ከማደሪያውም ተባርሮ ሳለ፥ ብሩን ጨምድዶ ኪራይ በጠየቀችው በቤቱ እመቤት ፊት ይወረውረዋል። ከዚያም ወደ ኬክ ሻጯ ሄዶ ቀድሞ በሰጣት ገንዘብ ፈንታ ኬክ እንድትሰጠው ይከራከራታል። አንባቢ በዚህ ስፍራ ይስቃል፤ ሣቁ ግን ከጕሮሮው አይወርድም።

ረኃብ ደራሲን ይወልዳል የሚሉ ሰዎች ይህን መጽሐፍ ምስክር አድርገው ሊጠቅሱት አይገባቸውም። እርግጥ ነው፥ በመጀመሪያው ክፍል ቃሉ እንደ ምንጭ ፈልቆለት ያለ ዕረፍት ሲጽፍ የምናይበት ሰዓት አለ፤ ሐምሱንም ያችን ሰዓት በሚያስደንቅ ደስታ ጽፏታል። ከዚያ በኋላ ግን ምን እናያለን? ሊጽፈው አስቦ የሚተወውን፥ ጀምሮም የማይጨርሰውን ነው። «የመስቀል ምልክት» ብሎ የሰየመውን ቴአትር በብዙ ድካም ይጀምራል፤ በመጨረሻ ግን ራሱ ቀዳዶ ይጥለዋል። በዚህ መካከል የእንጨት ፍቅፋቂ ያኝካል፤ ከልኳንዳ ቤትም «ለውሻዬ ነው» ብሎ አጥንት ለምኖ በጨለማ ይግጣል። በዚህች ሰዓት እንኳ ውሻ እንዳለው ሰው መታየትን እንደ ፈለገ አንባቢ ልብ ይበል። እንግዲህ ረኃብ ለሐምሱን የሚጽፈውን ነገር ሰጠው እንጂ መጻፍን አላስተማረውም።

ከዚሁ ከአጥንቱ በኋላ ወጣቱ ወደ ሰማይ አንጋጦ እግዚአብሔርን ይሰድባል። በዚህ ገጽ ላይ ደርሰው መጽሐፉን የሚዘጉ አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል፤ እኛ ግን እንዳይዘጉት እንመክራለን። ኢዮብም የተወለደበትን ቀን ረግሟል። ልዩነቱ ኢዮብ ከወዳጆቹ ጋራ ተከራክሮ በመጨረሻ መልስ መስማቱ ነው። የክርስቲያንያው ወጣት ግን የሚሰማው የራሱን ድምፅ ብቻ ነው፤ ፈጣሪውንም ጽሑፉን እንደ መለሰበት አዘጋጅ አድርጎ ይቈጣዋል። ጾም ማዕድ ሳለ ፈቅዶ መተው ሲሆን ረኃብ ግን ያለ ፈቃድ የሚመጣ ነው፤ ይህ ሰው ያለ ፈቃዱ የመጣበትን ረኃብ እንደ ተመረጠ ሰው ፈተና አድርጎ ሊያከብረው ይሞክራል፥ አልሆነለትም።

ስለ ጽሕፈቱ ጥበብ ጥቂት እንናገር። ሐምሱን በዚያው በ1890 ዓ.ም. ባወጣው ሌላ ጽሑፍ፥ ሥነ ጽሑፍ በሰው አእምሮ ውስጥ በስውር የሚመላለሰውን ነገር እንዲከታተል ጠይቆ ነበር፤ በ«ረኃብ» ያደረገውም ይህንኑ ነው። ወጣቱ በአትክልት ቦታ ከአንድ ዐይኑ ከደከመ ሽማግሌ ጋራ ተቀምጦ ያለ ምክንያት መዋሸት ይጀምራል። ፊደሉ በጨለማ የሚያበራ የኤሌክትሪክ የመዝሙር መጽሐፍ ስለ ፈለሰፈ ሰው ይተርክለታል። ሽማግሌው ሁሉን በቅንነት ይቀበላል። በዚህን ጊዜ ወጣቱ የሚቈጣው ስላልታመነ ሳይሆን ስለ ታመነ ነው። እንዲህ ያለውን የልብ መገለባበጥ ከእርሱ በፊት የጻፉት ጥቂቶች ናቸው። ተናጋሪው ለሰው ሁሉ ይዋሻል፤ ለአንባቢ ግን አንድም ጊዜ አይዋሽም፤ የሰረቀውንም፥ ያለቀሰውንም፥ የቀባጠረውንም ሳይደብቅ ይነግረናል። የመጽሐፉ ክብር በዚህ ነው።

ጕድለቱም አይሰወር። በዚህች ከተማ ውስጥ ከተናጋሪው በቀር ሙሉ ሰው የለም። የሚወዳት ሴት እንኳ እርሱ ባወጣላት «ኢላያሊ» በሚል ስም ትጠራለች እንጂ እውነተኛ ስሟን አናውቅም። በአራተኛው ክፍል ልጆች ሽባ በሆነ አረጋዊ ፊት ላይ ጭድ እየወጉ ሲጫወቱ የምናይበት ስፍራ አለ፤ ያን ጊዜ ብቻ የሌላ ሰው ሥቃይ በመጽሐፉ ውስጥ ክብደት አግኝቶ ይሰማናል። ከዚህ የበለጠ ቢኖር ኖሮ መጽሐፉ ይሰፋ ነበር።

ስለ ደራሲው የኋላ ኑሮም ዝም ማለት አይገባም። ሐምሱን ስለ አንድ ገበሬ ኑሮ በ1917 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ምክንያት በ1920 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን አገሩን የወረሩትን የሂትለርን ሰዎች ደገፈ፤ በ1943 ዓ.ም. የሽልማት ሜዳሊያውን ለጎብልስ ሰጠ፤ በ1945 ዓ.ም. ሂትለር ሲሞት በጋዜጣ ውዳሴ ጻፈለት። ከጦርነቱ በኋላ ተከስሶ ብዙ ገንዘብ እንዲከፍል ተፈረደበት፤ በ1952 ዓ.ም. ሞተ። የፋሺስት ወረራ ባለፈባት አገር የሚኖር አንባቢ ይህን ሰምቶ ቢያዝን ተገቢ ነው። የወጣትነት መጽሐፉን ከሽማግሌነቱ በደል ጋራ አንድ አድርገን አንፈርድም። ነገር ግን የገዛ ድምፁን ብቻ የሚሰማ ሰው ወዴት ሊደርስ እንደሚችል መጽሐፉም የደራሲውም ኑሮ ያስጠነቅቁናል።

በመጨረሻው ወጣቱ ወደ እንግሊዝ አገር በሚሄድ መርከብ ላይ ሥራ ጠይቆ ይሄዳል፤ ከተማዪቱንም በሩቅ መስኮቶቿ ሲያበሩ ያያታል። አልተሸነፈም፥ አላሸነፈምም። መርከበኞቹን ሥራ የጠየቀው ግን ያለ ሐሰት ስም ነው፤ ይህንም የሚያነብ ሰው ሊያስተውለው ይገባል።

ይህን መጽሐፍ በዋና ከተማ በብዕራቸው ለመኖር የተነሡ ወጣቶች እንዲያነቡት እንመክራለን፤ ረኃብን እንዲመኙ ሳይሆን፥ «ርቦኛል» ለማለት እንዳያፍሩ ነው። የወጣቶችን ጽሑፍ የሚቀበሉ አዘጋጆችም ያንብቡት፤ በፊታቸው ንጹሕ አንገትጌ አድርጎ፥ ጠግቦ እንዳደረ ሰው እየሣቀ የቆመው ልጅ ከትናንት ጀምሮ አልበላ ይሆናልና፥ ጽሑፉን ከመመለሳቸው በፊት እንዴት እንዳደረ ይጠይቁት።