ከሐምሌ በኋላ ያለው ሥራ

በሐምሌ ችግኝ ይወጣል፣ ሕዝብ ይወጣል፣ ካሜራ ይወጣል። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ የተከላ ቀን እንደ በዓል ሆኗል፤ መሆኑም መልካም ነው። በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ በፋርጣና በደራ፣ የቤተ ክርስቲያን አፀድ እንዲያገግም ለምንደክም ሰዎች ግን ሐምሌ ቀላሉ ወር ነው፤ ዝናቡ ያግዘናል። የችግኙን ዕድሜ የሚቆርጡት ከኅዳር እስከ ግንቦት ያሉት ወራት ናቸው። ሰብል ተነሥቶ ከብት በየማሳው ይለቀቃል፣ ገለባው ያልቃል፣ ሜዳው ይነጣል፤ ከዚያ በኋላ ለምለም ቅጠል ያለው አፀዱ ውስጥ ብቻ ነው።

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርድ መንገደኛ ይህን አገር በመስኮት ያየዋል፦ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ ረድፍ፣ እንደገና ማሳ፣ ከዚያ ጉብታ ላይ ጠቆር ያለ ክብ ደን፣ በመካከሉ ጉልላት። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» ደራሲነታቸው የሚያውቃቸው የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 እንዲህ ያሉ ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች መዝግበዋል። መቶ ሄክታር ገደማ እንዳለው እንደ ገላውዴዎስ ያለው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው በጥቂት ሄክታር የሚለካ ነው። ድኩላው፣ ጦጣው፣ ሽኮኮው፣ ቀን ቀን ተኝቶ የሚውለው ጅብና ያ ሁሉ ወፍ የቀራቸው መጠለያ ይኸው ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ከአየር ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር ያስተያዩ ተመራማሪዎች ክቦቹ በየቦታቸው እንዳሉ አይተዋል። የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ነው። እኔ ከዚህ ሥራ የተማርኩት ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ያርፋል፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አንዳንድ ሰው «ቦታውን ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ ካደረጋችሁት ራሱ ይበቅላል» ይላል። ለአንዳንድ ቦታ እውነት ነው። አብዛኞቹ የእኛ ደጋ ዛፎች ግን ዘራቸውን አፈር ውስጥ አያስቀምጡም። በእነዚሁ ደኖች አፈር ላይ በተደረገ ጥናት የአብዛኞቹ ዋና ዋና ዛፎች ዘር በክምችት አልተገኘም፤ የወደቀውን አይጡና ነፍሳቱ ይበሉታል፣ የተረፈውም በአብዛኛው በጥቂት ወራት ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ እናት ዛፍ የሌለው ቦታ ቢታጠርም ባዶውን ይቆያል፣ ዘር ለቃሚም ወቅቱን ካሳለፈ ዓመቱን አሳለፈ ማለት ነው። ለቃሚው ዛፉን በፆታ ጭምር ማወቅ አለበት። ጥድ ወንዴና ሴቴ አለው፣ ዝግባም አለው፣ ኮሶም አለው። የሴቴ ኮሶ አበባ ወደ ቀይ ያደላል፤ ይህን ያልለየ ሰው ከወንዴው ሥር ቆሞ ይውላል። የወይራ ፍሬ ደግሞ ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፤ ውስጡን ሳይጎዱ ሰብሮ ማውጣት እጅ ይጠይቃል፣ በችግኝ ጣቢያ ይህን የሚችሉ ሴቶች ሲሠሩ ማየት ደስ ይላል።

ከብት እንዳይገባ በአፀዱ ዙሪያ የድንጋይ ካብ የምንክበው በጥርና በየካቲት ነው፤ ገበሬው እጁ ነፃ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ዶ/ር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው ይህን የድንጋይ ካብ ሥራ ሲያስፋፉ ያሰቡት ነገር ቀላልና ብልህ ነበር። ድንጋዩ ከአጎራባች ማሳ ይለቀማል፤ ማሳው ለማረሻ ይመቻል፣ ደኑም ይታጠራል። በገላውዴዎስና በደብረ ሰና ከከብት ተከልለው የተጠኑ ቦታዎችም ግጦሽ ሲቀር ዘር የተሻለ እንደሚበቅልና ችግኝ በሕይወት እንደሚቆይ አሳይተዋል። በሥራው ላይ ግን ከድንጋዩ ይልቅ የሚያሳስበኝ በሩ ነው። ታቦት ለጥምቀት የሚወጣበትን መንገድ፣ ቀብር የሚገባበትን፣ የቆሎ ተማሪው ውኃ የሚቀዳበትን ሳያጠና የተካበ ካብ በዓመቱ ይፈርሳል፤ ሰው ሊያፈርሰው አስቦ ሳይሆን መንገዱ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ድንጋይ ከመነሣቱ በፊት ከቄሰ ገበዙና ከሰበካ ጉባኤው ጋር ዙሪያውን በእግር እንሄዳለን።

አሁን ወደ ቁጥቋጦው ልመለስ። አንድ ሽማግሌ የድጓ መምህር ካቡ ካለቀ በኋላ፣ «ልጄ፣ እንግዲህ አፀዱን አጽዱልን፤ እሾኹ ለቅዳሴ የሚመጣውን ሰው ልብስ ይቀዳል» አሉኝ። «የኔታ፣ መንገዱን እናጸዳለን፤ እሾኹን ግን ይተዉልን» አልኋቸው። ወደ አንድ ቀጋ ወሰድኋቸውና ሥሩን ገለጥ አድርጌ አሳየኋቸው፤ የጣት ርዝመት ያላቸው የወይራ ቡቃያዎች ነበሩ። ወፏ ወይራ በልታ መጥታ የምታርፈው ቀጋው ላይ ነው፤ ዘሩን እዚያው ትጥላለች፣ ጥላው እርጥበቱን ይይዛል፣ እሾኹ ፍየሏን ይመልሳል። በትግራይ የተደረጉ ጥናቶችም የወይራ ችግኝ በቁጥቋጦ ሥር ከሜዳው ይልቅ እንደሚሻለው አረጋግጠዋል። ድኩላም ግልገሏን የምትደብቀው አጋሙና ክትክታው ውስጥ እንጂ ረጅሙ ጥድ ሥር አይደለም። ከታች ተጠርጎ ከላይ ብቻ የለመለመ ደን ያማረ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ልጅ እንደማይወለድበት ቤት ነው። የኔታ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እንግዲያስ ለደቀ መዛሙርቱ እኔ እነግራቸዋለሁ» አሉ። ነገሯቸውም።

ካቡ የሚያርፍበትን ቦታ የሚወስነውም ይኸው ነው። ግንዱን አስጠግቶ መካብ ድንጋይ ይቆጥባል፣ ከጎረቤትም አያጋጭም፤ ደኑ ግን ባለበት እንዲቀር ይፈረድበታል። እኔ የምለምነው ከመጨረሻው ዛፍ ወጣ ብሎ እንዲካብ፣ በካቡና በዛፉ መካከል ለቁጥቋጦ የሚሆን ጠርዝ እንዲተርፍ ነው። ይህ ከባድ ልመና ነው፤ መሬቱ የሰው እንጀራ ነው። ባሕር ዛፍንም በዚሁ ዓይን አየዋለሁ። ሰበካው ጣሪያ የሚያድስበት ገንዘብ ከእርሱ ስለሚመጣ ይነቀል አልልም። ከካቡ ውጭ፣ ከምንጩ ርቆ ይተከል እላለሁ፤ ወደ ውስጥ ከገባ የአገር በቀሉን ቦታ ይወስዳል።

ለጎረቤቱ የሚመለስለት ሣሩ ነው። ከብት ስለማይገባ ካቡ ውስጥ ሣር ይበዛል፤ በጥቅምት ማሳቸው አፀዱን የሚያዋስን ገበሬዎች አጭደው እንዲወስዱ ከሰበካው ጋር እንስማማለን፤ ሣር የሚያገኝ ሰው የሌላውን ከብት እያባረረ ይጠብቃል። ማጭድ ግን ሣርና ቡቃያን አይለይም። ስለዚህ መስከረም ላይ፣ መስቀል ሳያልፍ፣ ሣሩን እየገለጥን በእያንዳንዱ ቡቃያ አጠገብ የምልክት እንጨት እንተክላለን።