«አክተር አይሞትም»፦ ከቪዲዮ ቤት አግዳሚ የተወረሰ ንድፈ ሐሳብ

በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ዘግይቶ የገባ ሰው አግዳሚው ላይ ሳይደላደል የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ «አክተሩ የቱ ነው?» የፊልሙን ስም የሚጠይቅ የለም፤ ዳይሬክተሩንማ ማን አስታውሶት። ካሴቱን ለሦስተኛ ጊዜ የሚያይ አንድ ልጅ ፊቱን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «ያ ጃኬት የለበሰው» ይላል፤ በቃ።

ቃሉ በእንግሊዝኛ ማንኛውንም ተዋናይ ይጠራል። እኛ አፍ ሲገባ ግን ጠበበ። ሽፍታው፣ የሽፍታው አሽከር፣ የልጅቷ አባት የቱንም ያህል ቢተውኑ አክተር አይባሉም። አክተር አንድ ነው፤ ሕጉም አንድ ነው፦ አክተር አይሞትም። የቋንቋ ሰዎች «የትርጉም መጥበብ ነው» ብለው ሊያልፉት ይችላሉ። እኔ እንደ ሂስ ቃል ነው የማየው፤ የአግዳሚው ልጅ ፊልም የሚያነበው በእሱ ነበርና። በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣው «ኮማንዶ» አርኖልድ ሽዋዚንገር ገላጣ ቦታ ላይ ቆሞ ይተኩሳል፤ የጠላት ጥይት ግን በጎኑ እያፏጨ ያልፋል። ዛሬ የሚያየው ይስቃል። እኛ አልሳቅንም፤ አልተሞኘንምም። «ይሞት ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው ስለተዘጋ ሐሳባችን ሁሉ «እንዴት ይወጣዋል?» ላይ ነበር።

ሕጉ የእኛ ሰፈር ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ዴቪድ ሞረል በ1972 ባሳተመው ልቦለድ ራምቦ መጨረሻ ላይ ይሞታል። የ1982ቱ የመጀመሪያ ፊልም ሲሠራም ሞቱ ተቀርጾ ነበር፤ ለሙከራ ያዩት ተመልካቾች አልወደዱትም፣ ስልቬስተር ስታሎንም በሕይወት ወጣ። አሜሪካኖቹም ከእኛው አግዳሚ ላይ ነበሩ ማለት ነው። (እኛ ሁለተኛውን ክፍል ከመጀመሪያው በፊት ስላየን ውጤቱን ቀድመን እናውቅ ነበር።)

ሕጉን የፈተነው «ሾሌ» ነው። ራሜሽ ሲፒ ያዘጋጀው፣ ሳሊም ካንና ጃቬድ አክታር የጻፉት የ1975 ፊልም ሁለት አክተር ይዞ መጣ፦ ዳርሜንድራና አሚታብ ባቻን። ይህ ብቻውን ጠብ ያስነሳ ነበር፤ ግማሹ አግዳሚ ለአንዱ፣ ግማሹ ለሌላው። ሁለቱ ወዳጆች ሐሳብ በተለያዩ ቁጥር አሚታብ ሳንቲም ይወረውራል፣ የሳንቲሙ ዕጣ ይወስናል። ሽፍቶች እያሳደዷቸው አንድ ድልድይ ጋ ሲደርሱም ወረወረ። ዕጣው ለእሱ ወጣ፤ ጓደኛውን ሸኝቶ ከሽፍቶቹ ጋር ብቻውን ቀረ። ዳርሜንድራ ሲመለስ አሚታብ በጥይት ተመትቶ እያጣጣረ ነው። ከዚያ በኋላ ያቺ ሳንቲም ስትገለበጥ ሁለቱም ፊቷ አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ዕጣ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ሟቹ ሁሌም የፈለገውን ሲያደርግ ነው የኖረው።

ቪዲዮ ቤቱ ጸጥ አለ። ያ ፊልም ደጋሚ ልጅ እንኳ አልተነፈሰም። ኋላ ደጅ ላይ ክርክሩ ሲጀመር አንዱ «እንግዲያው አክተሩ ዳርሜንድራ ነበር ማለት ነው» አለ፤ ሁሉም ተቀበለው። ሕጉ እንዳይፈርስ አክተሩን ሻሩት! ንድፈ ሐሳቡን ለማዳን ማስረጃውን የሚያስተካክል ምሁር በኋላ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ በፍጥነት የሠራው ግን አላጋጠመኝም። እኔ እስከ ዛሬ አልተስማማሁም። አሚታብ በዚያው ዓመት በወጣው «ዲዋር»ም ይሞታል፤ ያውም ፖሊስ ወንድሙ በተኮሰው ጥይት፣ እናቱ እቅፍ ውስጥ። በአንድ ዓመት ሁለቴ ሞቶ ከሁሉም በላይ አክተር ሆኖ የወጣው እሱ ነው። በ«ሾሌ» የሽፍቶቹን አለቃ ጋባር ሲንግን የተጫወተው አምጃድ ካን በአንጻሩ በሳንሱር ተረፈ፤ አስቀድሞ በተቀረጸው መጨረሻ ቂመኛው ታኩር ምስማር በተተከለበት ጫማው ይገድለው ነበር፣ ሳንሱር ግን ለፖሊስ እንዲሰጥ አደረገ። ሽፍታ የሚኖርበት አክተር የሚሞትበት ፊልም፤ አግዳሚው ቢደናገር አይፈረድበትም።

አድጌ የአልፍሬድ ሂችኮክን «ሳይኮ» ከአንድ አብሮ አደጌ ጋር ለማየት ተቀጣጠርን። ሂችኮክ በ1960 ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ ሲኒማ ቤቶችን ያስጠነቀቀው በከንቱ አልነበረም፤ ጃኔት ሊ የምትጫወታት ሴት ፊልሙ ሳይጋመስ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ትገደላለች። ጓደኛዬ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። በጨለማው እየዳበሰ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ጆሮዬ ሥር «አክተሯ የቷ ናት?» አለኝ።

«ሞታለች።»

ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ምን እያየህ ነው?»