ከጃኩ በፊት ሚዛኑ

ትንሽ ትራክተር ላይ የሚገጠም የመቆፈሪያ ክንድ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጃኩ ነው፤ ስንት ቶን ይገፋል? እኔ ደግሞ መልሼ ትራክተሩ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን እጠይቀዋለሁ። መካነ ሰላም ላይ ብረት እየበየድኩ ስኖር የተረዳሁት ይህ ጥያቄ ከሌላው ሁሉ መቅደም እንዳለበት ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የውስጥ ስፋቱ 80 ሚሊሜትር የሆነ የሃይድሮሊክ ጃክ በ150 ባር ግፊት ሰባት ቶን ተኩል ያህል ይገፋል። ጃኩ ስቲኩን፣ ባኬቱ የታሰረበትን የክንዱን ጫፍ ክፍል፣ የሚገፋው ከመዞሪያው ፒን 30 ሳንቲሜትር ርቆ ቢሆንና የባኬቱ ጥርስ ከዚያው ፒን 150 ሳንቲሜትር ቢርቅ፣ ጥርሱ ዘንድ የሚደርሰው አንድ አምስተኛው ብቻ ነው፤ አንድ ቶን ተኩል። ትራክተሩ ራሱ ግን አንድ ቶንን ብዙም የማያልፍ ነው። እንግዲህ ጥርሱ ዋልካ ውስጥ ሲነክስ መሬቱ ሳይፈነቀል ትራክተሩ ይጎተታል፣ ወይም የኋላ ጎማው ብድግ ይላል። ጃኩን ወደ 63 ሚሊሜትር ብናወርደው ጥርሱ ዘንድ የሚቀረው ዘጠኝ መቶ ኪሎ ገደማ ነው። ለእንዲህ ያለ ትራክተር እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው። ደንበኛው መጀመሪያ ቅር ይለዋል፤ ትልቁን ጃክ ከልክሎ ትንሹን የሚሸጥ ነጋዴ መሆኔ አይዋጥለትም።

ሌላው ስጋት የሞተሩ ጉልበት ነው። ከተማችን ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከፍታው በየ300 ሜትሩ በጨመረ ቁጥር ወደ 3 በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል። 25 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛ ትራክተር እኛ ዘንድ 20 ቢሰጥ ነው። ለማረስ ይህ ይጎዳል፤ ለመቆፈር ግን ብዙ አያሳስብም። በደቂቃ 20 ሊትር ዘይት የሚገፋ ፓምፕ በ150 ባር ሲሠራ፣ ብክነቱ ተጨምሮ እንኳ ዘጠኝ ፈረስ ጉልበት ይበቃዋል። የ63 ሚሊሜትሩ ጃክ ግማሽ ሜትር ለመውጣት አምስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከዶማና ከዲጅኖ ጋር ሲተያይ ይህ ፍጥነት ነው።

ይህ መሣሪያ ሲወለድም ከትልቅ ፋብሪካ አልወጣም። አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ ላይ ቫይኖ ሆሎፓይነንና ሮይ ሃንዲ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በሃይድሮሊክ የሚሠራውን የመጀመሪያ ክንድ እ.ኤ.አ. በ1947 እና 1948 ሠርተው ተራ የእርሻ ትራክተር ላይ ገጠሙት። ዛሬ መኪኖቹን በየመንገድ ሥራው የምናይለት የጄሲቢ ኩባንያ መሥራች ጆሴፍ ባምፎርድም እ.ኤ.አ. በ1945 ሥራውን የጀመረው እንግሊዝ አገር አንዲት ትንሽ ጋራዥ ተከራይቶ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራው ከጦርነት በተረፈ ብረት የተሠራ ተጎታች ነበር።

ከእነዚህ ይልቅ እኔን የሚያስተምረኝ ግን የቅርባችን ነው። የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ ኢልካ ይባል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በደገኛው አገር በበሬ ጉልበት ኩሬ ስለመቆፈር መመሪያ አሳትሞ ነበር፤ መሣሪያው በሬዎች የሚጎትቱት የብረት አፈር መዛቂያ ነው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በዋልካ መሬት ላይ መደብና ቦይ የሚያወጣውን ቢቢኤም ሠርቶ ወረኢሉና ደጎሎ ድረስ አምጥቶ ከገበሬው ጋር ሞክሮታል። የበሬ ጥማድ ምን ያህል መጎተት ይችላል ብሎ መነሣት፣ ገበሬው በእጁ ካለው ሞፈርና ቀንበር መጀመር፤ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ትራክተርም ቢሆን ከበሬው የተለየ ጥያቄ የለውም።

ወደ ብረቱ ልመለስ። ክንዱን የሚገድለው መሰበር ሳይሆን መላላት ነው። ቡሙ፣ ማለትም የክንዱ የመጀመሪያ ክፍል፣ ከስቲኩ ጋር የሚገናኝበት፣ ባኬቱ የሚታጠፍበት፣ ከሁሉም በላይ ክንዱ ግራና ቀኝ የሚዞርበት የቆመው ፒን፣ ጉልበቱ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ፒኑ ግራና ቀኝ በሚይዙት ጆሮዎች ላይ በብሎን ታስሮ መቆም አለበት፤ መዞሩ ፒኑን በሚከብበው ቀለበት፣ በቡሹ፣ ውስጥ መሆን አለበት። ቡሹ ከነሐስ ተቶርኖ ሲገባ የሚበላው እሱ ይሆናል፣ ፒኑ ይተርፋል፣ ባለቤቱም በትንሽ ገንዘብ ይቀይረዋል። ቡሽ የሌለው ቀዳዳ ግን እየሰፋ ሄዶ ላሜራውን ጨርሶ ይበላዋል። እኛ ዘንድ ከተበየደ በኋላ ሁለት ቀዳዳ አስተካክሎ የሚቦረቡር ማሽን ስለሌለ፣ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ በሁለቱም ጆሮ አሳልፌ፣ ዘንጉ እንዳለ፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ እያፈራረቅሁ እበይዳለሁ። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ዘንጉ ካልያዘው ጆሮው ይጣመማል፣ ፒኑም በመዶሻ እንጂ በእጅ አይገባም።

የባኬቱን ጥርስ ከአሮጌ ባሌስትራ እሠራለሁ፤ ቀጥቃጮቻችንም ማረሻ የሚያወጡበት ብረት ነው። ግን ባሌስትራ በብርዱ ከተበየደ ይሰነጠቃል። አስቀድሞ ማሞቅ፣ በ7018 ኤሌክትሮድ መበየድ፣ ከዚያም አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲበርድ መተው ያስፈልጋል። ኤሌክትሮዱ በክረምት እርጥበት ስለሚጠጣ ደርቆ ካልሆነ አልነካውም።

ስለ አገጣጠሙ ድርድር የለኝም። ክንዱን ማረሻ በሚነሣባቸው በሦስቱ የኋላ ማያያዣዎች ላይ ብቻ አንጠልጥሉልኝ የሚል ሰው ቢመጣ አልሠራለትም። ባኬቱ መሬት ሲጫን መሣሪያው ተነሥቶ ወደ ሹፌሩ ሊታጠፍና ከትራክተሩ ጋር ሊያጣብቀው ይችላል። ከትራክተሩ ሆድ ሥር አልፎ ከኋላው አክስል ፊት የሚታሰር ሻንሲ፣ ከዚያም ግራና ቀኝ መሬት የሚረግጡ ሁለት እግሮች ግድ ናቸው። በእግር እየተሄደ በእጅ የሚመራው ባለሁለት ጎማ ትራክተር ደግሞ ይህን ክንድ ፈጽሞ አይሸከምም። የዘይት ቱቦ ሲያፈስም በእጅ አይዳሰስም፤ በ150 ባር የሚወጣ ቀጭን ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። በካርቶን ይፈለግ። የተወጋ ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ።

ጥር ሲገባ ለእርከንና ለክትር የሚወጣውን ሕዝብ፣ እናቶች ጭምር አካፋ ይዘው በድንጋያማው ተረተር ላይ ሲውሉ የሚያይ ሰው ይህ ክንድ ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ይገባዋል። ገደላማው ላይ አይወጣም፤ ለጥ ባለው መሬት ኩሬና የቧንቧ ቦይ ቢያወጣ ግን ስንት ወገብ ያሳርፋል። ዋልካው በበጋ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር፣ ባለቤቱ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ እርጥበቱ ሳይለቅ ቢሠራበት ይሻለዋል።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው አንድ ነገር አለ። ክንዱን ስታስረክቡ የእያንዳንዱን ፒንና ቡሽ ልክ፣ የጃኩን ስፋት፣ ግፊቱ የታሰረበትን ባር በወረቀት ጽፋችሁ ለባለቤቱ ስጡት። እናንተ በሌላችሁበት ቀን ሌላ በያጅ ሊጠግነው ይገባል።